ይሄ እኮ ድንጋይ ነው!

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የበጋ ቀን፣ መንዝ ውስጥ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ጎማው ፈነዳና ሁላችንም ወረድን። ቦታው የት እንደሆነ አልናገርም፤ ጠቤ ከአንድ ኮንትራክተር ወይም ከአንድ ሠራተኛ ጋር አይደለምና። ብርዱ የመንዝ ብርድ ነው፤ ፀሐይ ላይ ቆመውም የሚያንቀጠቅጥ። ረዳቱ ክሪኩን ፈልጎ እስኪያወጣ ድረስ እግሬን ላፍታታ ብዬ ፈንጠር ስል፣ አንድ ዶዘር ክብ የሆነ ትልቅ የድንጋይ ክምር ከጎኑ ነክሶ ሲያፈርስ አየሁ። ገልባጩ መኪና አጠገቡ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።

ቀረብ አልኩ። ከድንጋዩ ጋር ጥቁር አፈር ይወርዳል። ከጥቁሩ አፈር ጋር ደግሞ የሸክላ ስባሪ። ጎንበስ ብዬ አንዱን አነሳሁት፤ የማሰሮ ከንፈር ነው፤ ተወልውሎ የጠቆረ፣ እንደ ጥሩ ጀበና የሚያብረቀርቅ።

ባናቸውን ተከናንበው ሥራውን የሚመለከቱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «አባቴ፣ ይሄ ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የድሮ ሰዎች ነው ይባላል፣ ልጄ። ከብት ስንጠብቅ እንዳንወጣበት ይከለክሉን ነበር። ለምን እንደሆነ ግን የነገረን የለም።»

በዚህ መሐል ብርቱካንማ ሰደርያ ያጠለቀ፣ ዕድሜው ከሃያዎቹ የማይዘል አንድ መሐንዲስ መጣ። ትሑት ልጅ ነው። ስባሪውን አሳየሁትና ሥራውን ለአንድ አፍታ ማቆም አይቻልም ወይ አልኩት። ልጁ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ድንጋይ ነው!» አለኝ። «ለሙሌት የሚሆን ድንጋይ እዚህ ተከምሮልን ሳለ አምስት ኪሎ ሜትር ሄደን ቋጥኝ እንፈንቅል?»

አልመለስኩለትም። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋና ሮጬ ተሳፈርኩ። ይኸው አሁን ልመልስለት ነው።

መቼም ስለ መንገድ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ መማል አለበት፤ አለበለዚያ «ፀረ ልማት» ተብሎ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እንግዲያው እምላለሁ። መንገድ እወዳለሁ። ከጊሼ ራቤል ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ገደል የወረደ ሰው ስለ መንገድ የሚለውን አውቃለሁ። ከመርሐቤቴ ተነስቶ የጀማን ሸለቆ ወርዶ ለመውጣት ስንት ላብ ይፈስ እንደነበር የዓለም ከተማ ሰው ይጠየቅ። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1997 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በአገሪቱ የነበረው መንገድ ከ26 ሺህ ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ከ110 ሺህ በላይ ሆኗል። ይህ የሚያኮራ ነገር ነው። የምጠይቀው አንዲት ጥያቄ ናት፤ በነዚህ ሰማንያ ምናምን ሺህ ኪሎ ሜትሮች ሥር ምን ነበር? የሚመልስልኝ ካለ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ተመዝግቦ ታይቶ የፈረሰውን አይደለም የምጠይቀው። ሳይታይ የፈረሰውን ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንመለስ።

መንዝ ሲባል አዲስ አበቤው ትዝ የሚለው ምንድን ነው? ባና፣ ገብስ፣ ብርድ፣ ወታደርነት። ትንሽ ያነበበው ደግሞ ነጋሲን ይጠራል፤ የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ ከዚያ ይመዘዛልና። ከዚያም ያለፈው አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ስለ መንዝ ገበሬ ምን እንዳለ ያነሳ ይሆናል። እንግዲህ ነጋሲ የ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ሰው ናቸው። ከርሳቸው በፊትስ? ከርሳቸው በፊት በአብዛኞቻችን ጭንቅላት ውስጥ ያለው ጭጋግ ነው፤ ጭጋጉ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ በፈረስ ሲጋልብ ይታያል፤ ግራኝ። የፈረሰ ሁሉ ግራኝ ያፈረሰው፣ የቆመ ሁሉ ግራኝ የተከለው ነው። የጢያን ትክል ድንጋዮች ሕዝቡ «የግራኝ ድንጋይ» ሲላቸው ኖሯል። ተቆፍሮ ሲታይ ግን ድንጋዮቹ የመቃብር ምልክቶች፣ መቃብሮቹም ግራኝ ከመወለዱ ብዙ ቀደም ብለው የተቆፈሩ ሆነው ተገኙ። ይህን የነገረን ዜና መዋዕል አይደለም፣ ገድልም አይደለም። አካፋ ነው።

በመንዝም እንዲሁ ሆነ። የፈረንሣይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች መሻለ ማርያም በተባለው አካባቢና በሌሎች የሰሜን ሸዋ ደጋዎች እነዚያን የድንጋይ ክምሮች ቆፈሩ። ባለ ጭንቅላት ሁሉ «ድንጋይ ነው» ብሎ ያለፋቸው ክምሮች ሆዳቸው ሲከፈት መቃብር ሆነው ተገኙ። በድንጋይ የተሠራ መግቢያ ያለው፣ ሰው በየጊዜው እየተከፈተ የተቀበረበት የጋራ መቃብርም አለ። ከሟቾቹ ጋር የሸክላ ዕቃ፣ ጌጣጌጥ፣ በሺዎች የሚቆጠር የብርጭቆ ዶቃ። ዶቃው መንዝ ውስጥ አልተሠራም፤ ከቀይ ባሕርና ከህንድ ውቅያኖስ ንግድ ተሻግሮ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ገደሉን ወጥቶ የመጣ ነው። ዘመኑ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ይደርሳል። ተመራማሪዎቹ ይህን ባህል በአካባቢው ወንዝ ስም «የሻይ ባህል» አሉት። (ሻይ ሲባል አንባቢ ብርጭቆና ስኳር ቢታየው አልፈርድበትም፤ እኔም መጀመሪያ የታየኝ እሱው ነው።)

እነዚህ ሰዎች ክርስቲያኖች አልነበሩም፤ እስላሞችም አልነበሩም። በሰሜን የዛጔ ነገሥታት ቤተ መቅደስ ሲያንጹ፣ በምሥራቁ ተዳፋት በ1285 እ.ኤ.አ. በይፋት ወላስማዎች እጅ የወደቀው የሸዋ ሱልጣኔት ሲገዛ፣ በመካከሉ ባለው ደጋ ላይ የራሳቸው ጌቶች፣ የራሳቸው ሀብት፣ የራሳቸው የአቀባበር ሥርዓት ያላቸው ሰዎች ይኖሩ ነበር። ድርሳኖቻችን «አረማዊ» ብለው በአንድ ቃል ያልፏቸዋል። የዐረቡም ጽሑፍ ከዚያ አይሻልም። እነሱ ራሳቸው ደግሞ አንድ መስመር አልጻፉልንም። ብራና የላቸውም። ያላቸው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ አፈሩ። ዶዘሩ ያን ቀን ሲገልጠው የነበረው ገጽ እሱ ነበር፤ ሲገልጠውም ሳይነበብ ቀደደው።

ልጁ ወዳጄ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ክምሩን ተውነው እንበል፤ መንገዱን ሁለት መቶ ሜትር ፈቀቅ አድርገን እናልፋለን፤ ይበቃል?» ይለኛል። አይበቃም። እንዲያውም ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

ክምር ይታያል። ከብት ጠባቂም ያየዋል፣ መሐንዲስም ያየዋል። የማይታየው ሰዎቹ የኖሩበት መንደር ነው። ይህን ያህል ሙታን የቀበረ ሕዝብ የሆነ ቦታ ቤት ሠርቷል፤ ገብስ ወቅጧል፤ እሳት አንድዷል፤ ዶቃ የሰበረች ሕፃን ገርፏል። የመኖሪያ ሰፈር መሬት ውስጥ ሲቀር ግንብ አይመስልም። አመድ የነካው የአፈር ሽፋን ነው፤ ሦስት ጉልቻ የነበረበት የቀላ ክብ ነው፤ ምሰሶ ተተክሎ የበሰበሰበት የጠቆረ ጉድጓድ ነው፤ ጥቂት አጥንት፣ ጥቂት ስባሪ፣ ጥቂት ባልጩት። ከእርሻው ወለል ሥር አንድ ክንድ ላይሞላ ይችላል። ግሬደሩ ለመንገዱ አልጋ ሲያስተካክል መጀመሪያ ጠርጎ የሚጥለውም ይህንኑ የላይኛውን አፈር ነው። አንድ ሺህ ዓመት የቆየ ሰፈር ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ከዚያም በፊት ስለነበሩት፣ ብረት ሳያውቁ በባልጩት ስለኖሩት ምን ልበል? የነሱ ሰፈር ከዚህም ይሳሳል።

ባልጩትን ካነሳሁ አይቀር፤ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መስመር አቅራቢያ ባልጩት የሚባል ቦታ አለ። ስሙን ያገኘው ምድሩን ከሞላው ጥቁር ድንጋይ ነው። መልካ ቁንጡሬና ባልጩት በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ የሰው ልጅ በደጋ ላይ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ የተወው አሻራ ያለበት ቦታ ነው። ይህን ቦታ በ1963 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያየው ማን ነበር? አርኪዮሎጂስት እንዳይመስላችሁ። ጄራርድ ዴከር የሚባል የሆላንድ የውሃ ባለሙያ ነው። ለሌላ ሥራ ወጥቶ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፣ ድንጋዩን አነሳ፣ «ይሄ እኮ ድንጋይ ነው» ሳይል ለሚያውቁ ሰዎች ተናገረ። ከዚያ በኋላ ዣን ሻቫዮን ለሠላሳ ዓመት ቆፈረው። በራሳችን ክልልም፣ መተማ አጠገብ በሽንፋ ወንዝ ዳር፣ ከ74 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች የሰፈሩበት ቦታ ተገኝቶ ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ለዓለም ተነግሯል፤ እሳት የነደደበት፣ ዓሣ የተበላበት፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት የተጣለበት። ያም ቢሆን ከላይ ሲታይ የወንዝ ዳር አፈር ነው። መንገድ ቢያልፍበት ማንም አያለቅስም ነበር።

«ሕግ የለም ወይ?» ይል ይሆናል አንባቢ። አለ እንጂ! በሕግ ማን ይችለናል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ሥራ፣ በመንገድ ግንባታ ወይም በመሳሰለው ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅ፣ ባለሥልጣኑ እስኪረከበውም ድረስ ሳይነካ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። ላስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው፣ ወጪውም እንዲተካለት ይላል። ጥሩ ነው። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር አለ። ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ያገኘው ሰው ሁኔታውን ዘርዝሮ ለክልሉ ባለሥልጣን በጽሑፍ ሲያስታውቅ ከኃላፊነቱ ነፃ ሊሆን ይችላል።

ስድስት ወር! በመንዝ የአፈር ሥራ የሚሠራበት በጋ ራሱ ከዚያ ብዙ አይበልጥም። እስቲ ራሳችሁን በዶዘር ነጂው ቦታ አስቀምጡ። ማሽኑ በሰዓት የተከራየ ነው። አሠሪው ሥራው በዘገየ ቁጥር በውሉ መሠረት ይቀጣል። ነጂው ደግሞ ጥቁር የሸክላ ስባሪ ምን እንደሆነ ያስተማረው የለም። ይህ ሰው ማሽኑን አቁሞ፣ ወርዶ፣ «ጌታዬ፣ የ11ኛው መቶ ዓመት መቃብር ያገኘሁ መሰለኝና ለስድስት ወር ሥራ እንፍታ» እንዲል ነው ሕጉ የሚጠብቀው። ሰውን በገዛ ኪሱ ላይ ምስክር አድርጎ መጥራት ማለት ይህ ነው። ቢመሰክር ጻድቅ ነው፤ ሕግ ግን በጻድቃን ላይ አይመሠረትም።

ሌላም እንከን አለው። አዋጁ ስለ ድንገተኛ ግኝት ሲናገር ቅርስ እንደ ጅብ ከጨለማ ዘሎ የሚወጣ አስመስሎታል። የመንዝ የድንጋይ ክምር ምኑ ነው ድንገተኛ? ከወዲያኛው ጋራ ይታያል! ሽማግሌው ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል! ድንገተኛ የሆነው ሳይጠየቁ በመቅረታቸው ነው። መንገድ የሚቀይስ ቡድን በየወንዙ የውሃውን ልክ ይለካል፣ በየተወሰነው ርቀት አፈር ቆፍሮ ላቦራቶሪ ይልካል፣ የማንን ባሕር ዛፍ ስንት ብር እንካስ ብሎ ይቆጥራል። ከዚህ ቡድን ጋር አንድ አርኪዮሎጂስት ቢሄድ፣ ድንኳኑንና ጫማውን ይዞ መስመሩን በእግሩ ቢራመደው፣ በየቀበሌው ሦስት ሽማግሌና አንድ መሪጌታ ቢጠይቅ፣ የዲዛይን ጊዜው አንድ ቀን አይጨምርም። ችግር ያለበት ቦታ አስቀድሞ ይታወቃል። የሚለወጥ መስመር ካርታ ላይ ሳለ ይለወጣል፤ የማይለወጠው ዶዘሩ ሳይመጣ ይቆፈራል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ አይደለም እንዴ?

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሥራው ሳይጀመር ግምገማ ይደረግ ብሎ ደንግጓል። የዓለም ባንክም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ማዕቀፍ ስምንተኛው መመዘኛ ስለ ባህላዊ ቅርስ ነው። ስለዚህ ሰነዱ ውስጥ አንድ ገጽ አይጠፋም። ካነበብኳቸው ጥቂት ሰነዶች እንዳየሁት ግን ገጹ የሚቆጥረው የቤተ ክርስቲያን ጉልላትና የመስጊድ ሚናራ ነው። መሬት ውስጥ ያለውን «በመስመሩ ላይ የሚታወቅ ቅርስ የለም» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል። የማይታወቀው ፈላጊ ስላልሄደ ነው። ፍለጋ ሳይወጡ አላገኘንም ማለት ምን ይባላል? በዚያ ላይ ግምገማው ቢደረግም ዋናውን መስመር ብቻ ይከተላል። ገረጋንቲ የሚወጣበት ጉድጓድ፣ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ፣ የሠራተኛው ካምፕ፣ ጊዜያዊ ማለፊያው የሚመረጠው በኋላ፣ ሥራው ላይ ነው። እኔ ያየሁት ክምር ከመስመሩ ውጪ ነበር። መንገዱ አልነካውም። የበላው የመንገዱ ሆድ ነው።

«እኛ ድሆች ነን፤ ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚለውን ክርክር ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ የተማሩትም ይሉታል። እውነት ነው፣ ፈረንሣይ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሬት የሚቆፍር አልሚ ለቅድመ ቁፋሮ ምርምር እንዲከፍል በሕግ ደንግጋለች። ለዚሁ ሥራ የቆመ ብሔራዊ ተቋምም አላት፤ መሻለ ማርያም አጠገብ «ገብርኤል» የተባለውን የ15ኛው እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ከቆፈሩት ውስጥ የዚያ ተቋም ባለሙያዎች ይገኙበታል። በአገራቸው ከአውራ ጎዳና ፊት ፊት እየሮጡ መቆፈር የለመዱ ሰዎች ናቸው። እኛ ለቁፋሮ ተቀበልናቸው፤ የሙያቸውን ዋና ትምህርት ግን አልተቀበልናቸውም።

ፈረንሣይን እንተዋት። ቻድና ካሜሩን ሀብታም ናቸው? ከቻድ የነዳጅ ጉድጓድ እስከ ካሜሩን የባሕር ዳርቻ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው ቧንቧ ሲቀበር፣ ከ1999 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ድረስ አርኪዮሎጂስቶች ቦዩን እየተከተሉ ሠሩ። ከ400 የሚበልጥ የጥንት ሰፈራና የሥራ ቦታ መዘገቡ። ቧንቧው አልቆመም፤ ነዳጁም ፈሰሰ። ካሜሩናዊው ግን ዛሬ ስለ ደኑ ውስጥ አባቶቹ ከድሮው የተሻለ ያውቃል። ሥራው የተቻለው አበዳሪው ስላስገደደና በውሉ ውስጥ ስለገባ ነው። በኛ ውል ውስጥስ የዋጋ ንረት ማካካሻ አለ፣ የካሳ ክርክር የሚበላው ጊዜ አለ፣ ነዳጅ ሲጠፋ የሚቆምበት ሳምንት አለ። በጀቱን የሚያናጋው የአንድ አርኪዮሎጂስት አበል ብቻ ነው?

ሌላው ክርክር ከዚህ የበለጠ ያበሳጨኛል፤ ምክንያቱም ከወዳጆቼ ነው የሚመጣው። ታሪክ ወዳዶች ነን ከሚሉት። «የአረማዊ መቃብር ምን ያደርግልናል? ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ኖሮ እንጮህ ነበር» ይላሉ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። እኛም ስንጠየቅ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር። ወደ ኋላ በጣም ስንሄድ ደግሞ በአንድ ዝላይ ሉሲ ላይ እናርፋለን፤ በሦስት ሺህ ዓመትና በሦስት ሚሊዮን ዓመት መካከል ሰው አልተወለደም! የመንዝ ገበሬ ከነጋሲ ጋር ከሰማይ አልወረደም። ከነዚያ ዶቃ ካሰሩት፣ ማሰሮ ከወለወሉት ሰዎች ስንቶቹ ኋላ ተጠምቀው፣ ልጆቻቸው መሻለ ማርያምን ሳሙ? እነዚያን መቃብሮች የቆፈሩ እጆች የማን አያቶች እጆች ነበሩ? መልሱ አፈሩ ውስጥ ነው፤ ወይም ነበር።

አክሱምን ካነሳን ደግሞ አክሱምም አልዳነችም። በ1906 እ.ኤ.አ. በኤኖ ሊትማን የሚመራው የጀርመን ቡድን ተአካ ማርያም የተባለውን ታላቅ ቤተ መንግሥት መሠረት ለክቶ ፕላኑን ነደፈ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ጣሊያን መጣና መንገድ ሲያወጣ በላዩ ላይ አለፈበት። ዛሬ ስለዚያ ቤተ መንግሥት ስፋት የምናውቀው ጀርመኖቹ ከመንገዱ ስለቀደሙ ብቻ ነው። በፋሺስት ስናሳብብ ቀላል ነበር። ጣርማ በርን የበሳው ጣሊያን ከዚያ ተራራ ውስጥ ምን እንዳወጣ ቢጠየቅ ደንታ አልነበረውም፤ አገሩ አይደለምና። የዛሬው ልጅ ግን የራሱን ሰፈር ነው የሚቆርጠው።

ለባለሥልጣን መሥሪያ ቤቶች ብቻ አልተውኩትም፤ ለተመራማሪዎቹም አንድ ቃል አለኝ። ስለ ሻይ ባህል የተጻፈው ዋናው መጽሐፍ በ2012 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ስለ መሻለ ማርያም አካባቢ አብያተ ክርስቲያናትም እንዲሁ በዚያው ዓመት። ሁለቱም በፈረንሣይኛ ናቸው። የማሀል ሜዳ ተማሪ ስለ አያቱ መቃብር ለማወቅ መጀመሪያ ፈረንሣይኛ ይማር? ሥራችሁ ግሩም ነው፣ እጃችሁ ይባረክ፤ ግን ከመቶ ገጹ አሥሩ በአማርኛ ተጽፎ፣ ከነሥዕሉ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ኖሮ ያ ሰደርያ የለበሰው ልጅ ድንጋይ ነው አይለኝም ነበር። ምናልባት ያደገው እዚያው ወረዳ ነው፤ አልጠየቅሁትም። የኛም ዩኒቨርሲቲዎች አይመጻደቁ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አላት፤ መንዝ ደጃፏ ነው። አንድ የተማሪ ቡድን በአንድ በጋ የስንት ክምር ሥፍራ በካርታ ላይ ማስፈር ይችላል?

አሁን ሰላም የለም፣ ይህን ማን ያስባል የሚል አለ። ልክ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሳው ጦርነት ተመራማሪም ሆነ መንገድ ሠሪ እንደ ልቡ እንዳይሄድ አድርጓል። የሰው ነፍስ በሚጠፋበት ሰዓት ስለ ማሰሮ ስባሪ ማውራት እኔንም ያሳፍረኛል። ግን መሣሪያው ዝም ባለ ማግስት መጀመሪያ የሚመጣው ዶዘር ነው። የተጎዳውን ለመካስ ተብሎ፣ በጥድፊያ፣ ያለ ጥያቄ ይመጣል። ካርታው መዘጋጀት ያለበት ዛሬ፣ ሁሉም በቆመበት ሰዓት፣ ጠረጴዛ ላይ ነው። የሳተላይት ሥዕል ድንበር አይጠይቅም፤ ትልልቆቹ ክምሮች ከላይ ይታያሉ።

ለመሆኑ የመንዝ ሰው «ዘግተህ አቆይ» ቢባል ይገባዋል? ከማንም በላይ ይገባዋል። ጓሳን እዩት። የአስቦና የጌራ ዘሮች ነን የሚሉ ባለርስቶች ያንን ሰፊ የሣር ምድር በቄሮ ሥርዓት ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። ሣሩ ደርሶ ለጣሪያና ለገመድ እስኪበቃ ድረስ ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አያስገባም። የነካ ይቀጣል። ይህ ሥርዓት እስከ 1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ድረስ ሠርቷል። ሣር እንዲያድግ አምስት ዓመት የታገሡ ሰዎች ልጆች፣ አያቶቻቸው እንዲነበቡ ሦስት ወር አይታገሡም ብላችሁ አትንገሩኝ። የማይታገሠው ሌላ ነው፤ የማጠናቀቂያው ቀን ከከተማ ተቆርጦ የመጣለት፣ ሪባን ቆራጩ የተቀጠረለት።

ስለዚህ ለልጁ መልሴ ይህ ነው። አዎ፣ ድንጋይ ነው። ብራናም ቆዳ ነው፤ የጢያ ሐውልትም ድንጋይ ነው፤ አንተም የምታሰላበት ወረቀት እንጨት ነበር። መንገድህን ሥራ። ግን ከአንተ አንድ ዓመት ቀድሞ አንድ ሰው በእግሩ ይሂድበት። ገረጋንቲ የምታወጣበትን ጉድጓድ ሳትከፍት ሽማግሌውን ጠይቃቸው። ኦፕሬተርህን ግማሽ ቀን ሰብስበህ የተቃጠለ አፈር ምን እንደሚመስል የሚያሳየው ሰው አምጣለት። ማሽኑ የሚቆምበትን ሰዓት አስቀድሞ በውልህ ውስጥ አስገባው፤ ያኔ ያቆመው ሰው አይቀጣም። እነዚህን ከኋላ ላድርግ ካልክ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ደግሞ የራሴን ልናዘዝ። ያን ቀን ጥሩምባው ሲነፋ የሸክላውን ስባሪ ኪሴ ከትቼ ነው የተሳፈርኩት። በሕግም በይሉኝታም ትክክል አልነበረም። ኋላ አንድ ለሚያውቅ ወዳጄ ሳሳየው አገላብጦ አየውና «ከየትኛው ሽፋን ነው? ከአጥንት ጋር ነበር ወይስ ከአመድ ጋር?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ዝም ብሎ መለሰልኝ። ስባሪው አሁንም መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ ያነሳውና ከየት ነው ይለኛል፤ ከመንዝ እለዋለሁ። ከመንዝ የት? ሲለኝ፣ ጎማው ከፈነዳበት ቦታ እላለሁ።